የይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን፤ ጉብኝቱና የፎቶግራፍ ሥራው

በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን በላስታ ወረዳ የሚገኘው የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ተዳፋት ላይ ባለ ሰፊ የተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ጥንታዊ የገጠር ደብር ነው። እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈለ ሳይሆን በእንጨትና በድንጋይ የተገነባ በመሆኑ ከዛግዌ ዘመን ቅርሶች መካከል የተለየ ሥፍራ ይሰጠዋል። ስሙን ያገኘበት ንጉሥ ይምርሃነ ክርስቶስ ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠ የዛግዌ ንጉሥ ሲሆን፣ ሕንጻው ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠራ የዘርፉ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

በላሊበላ የሚገኙት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ሲመዘገቡ ይምርሃነ ክርስቶስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልተካተተም። በዚህም የተነሣ የጎብኚው ዓይንም ሆነ የጥበቃው በጀት በአብዛኛው ወደ ላሊበላ ያዘነበለ ነው። ደብሩን የሚጠብቁት በዋናነት ካህናቱና በአካባቢው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ወደዚህ ሥፍራ የሚሄድ የመንግሥት ልዑክ፣ የጥናት ቡድን ወይም የውጭ እንግዳ የሚያነሳው ፎቶግራፍ ለቅርሱ ጥበቃ የሚውል ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ በአንጻሩ በቅርሱና በጠባቂዎቹ ላይ ተጨማሪ ሸክም የሚሆንበት አጋጣሚም አለ። ልዩነቱ የሚመጣው ከካሜራው ዓይነት አይደለም፤ ፎቶግራፉ ከሚነሳበት ሥርዓትና ከተነሳ በኋላ ከሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት ከላሊበላ ተነስቶ እዚህ ለመድረስ በበቅሎ የአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ይጠይቅ ነበር። የመኪና መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ግን ደርሶ ለመመለስ ከአንድ ቀን ያነሰ ጊዜ ይበቃል። መንገዱ ጠጠርና አፈር በመሆኑ በክረምት ወራት ያስቸግራል። በጉዞው ላይ የብልባላ አካባቢ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ስለሚገኙ ጊዜ ያለው እንግዳ እነርሱንም አያይዞ ቢጎበኝ ይጠቀማል። መኪናው ከሚቆምበት ሥፍራ እስከ ዋሻው አፍ ያለው የእግር መንገድ አጭር ቢሆንም ዳገት ነው፤ በዕድሜ ጠገብ ጥዶች መካከል በድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሥፍራ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹን እየሰበሰበ መውጣት ይኖርበታል።

ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚታየው ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለጥበቃ ተብሎ የተገነባው ግንብ ነው። ግንቡ ዋሻውን ከሰውና ከእንስሳት ጠብቆታል። ይሁን እንጂ ቀድሞ ከሩቅ ይታይ የነበረውን ገጽታ ሸፍኖታል፤ ወደ ውስጥ የሚገባውንም ብርሃን ቀንሶታል። በሩን አልፎ የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት መቆም ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ የሚታየው ሕንጻ የአክሱም ዘመን የግንባታ ጥበብ በዛግዌ ዘመን እንዳልጠፋ ከሚመሰክሩት ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ግድግዳው አግድም በተጋደሙ ጥቁር የእንጨት አግዳሚዎችና በነጭ ልስን በተለሰነ የድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቀ ወደ ላይ ይወጣል። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለው ጨርቅ ይመስላል። መስኮቶቹ በመስቀልና በልዩ ልዩ የጥልፍልፍ ቅርጽ የተሠሩ ሲሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት አይደለም። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ የእንጨትና የድንጋይ ጥበብ የተሠራ መሆኑ ይታወቃል። ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣና ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ይህን የግንባታ ጥበብ በቅርብ ለማየት ለሚፈልጉ ሴት ባለሙያዎች ይምርሃነ ክርስቶስ የበለጠ ምቹ ነው።

የውስጡ ክፍል ከውጭው ይልቅ የበለጸገ ነው። ጣሪያው በእንጨት ገበታዎች ተከፋፍሎ በቅርጻ ቅርጽና በቀለም ያጌጠ ሲሆን፣ የጂኦሜትሪ ጥለቶች፣ እንስሳትና አእዋፍ ይታዩበታል። በመቅደሱ ላይ ጉልላት አለ። በግድግዳው ላይ የሚገኙት ሥዕሎች በአገሪቱ እስከ ዛሬ ከተረፉት የግድግዳ ሥዕሎች ቀደምት ከሚባሉት ወገን የሚመደቡ ናቸው፤ ሆኖም የዘመናት የጧፍና የዕጣን ጢስ አጥቁሯቸዋል፤ በቂ ብርሃንና ትዕግሥት የሌለው ሰው ሳያያቸው ሊያልፍ ይችላል። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ረግረጋማ ውሃ ላይ ነው የሚል ትውፊት ስላለ ካህናቱ ለእንግዳ በወለሉ ላይ ያለች ትንሽ ክፍተት ያሳያሉ።

በዋሻው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የንጉሡ ቤተ መንግሥት እንደነበር የሚነገርለት ሌላ ሕንጻ ይገኛል። ከበስተጀርባ ደግሞ በጨርቅ የተሸፈነው የንጉሡ መቃብር አለ፤ ምዕመናን በረከት ለማግኘት ይዞሩታል። በገድሉ መሠረት ይምርሃነ ክርስቶስ ንግሥናን ከክህነት ጋር አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ ለቅዳሴ የሚሆን ኅብስትና ወይን ከሰማይ ይወርድለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 ጀምሮ ለስድስት ዓመታት በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቤተ ክርስቲያን ጎብኝቶ በዋሻ ውስጥ መሠራቱንና የንጉሡን መቃብር ገልጾ ጽፏል፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1540 ነው። ስለ ሥፍራው በባዕድ ሰው ከተጻፉት መረጃዎች ይህ ቀዳሚው ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ዋሻው ጥግ ዘልቀው ሲሄዱ የብዙ ሰዎች አጽም ተከማችቶ ይታያል። በትውፊት እንደሚነገረው እነዚህ ከግብጽ፣ ከኢየሩሳሌምና ከሌሎች አገሮች ለመሳለም መጥተው በዚያው ያረፉ ሰዎች ናቸው። በካሜራ ከሚወሰዱት ምስሎች ሁሉ በብዛት የሚሠራጨውም ይኸው ነው። ነገሩ ማሰብን ይጠይቃል። አጽሙ የሟቾች አካል እንጂ ትርዒት አይደለም፤ በምዕመናን ዘንድ ደግሞ የቅዱሳን ዐጽም ነው። ለሳይንሳዊ ምዝገባ ካልሆነ በቀር በቅርበት ማንሳት፣ ከአጽሙ ጋር ቆሞ መነሳት ወይም ለተሻለ ዕይታ ብሎ ቦታውን መለዋወጥ ከሥነ ምግባርም ከጥበቃም አንጻር ተገቢ አይሆንም። አንዳንድ አጽሞች እስካሁን የቆዳና የጨርቅ ቅሪት ስላለባቸው በንክኪ ብቻ ሊፈርሱ ይችላሉ።

ወደ ፎቶግራፉ ሥራ ሲመጣ ቀዳሚው ጉዳይ ፈቃድ ነው። ለግል ማስታወሻ ለሚያነሳ ጎብኚ የመግቢያ ትኬት መቁረጥና የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ገበዙን መጠየቅ ይበቃል፤ ለቪዲዮ ካሜራ ለብቻው ክፍያ የሚጠየቅበት ሁኔታም አለ። ለፊልም፣ ለማስታወቂያ ወይም ለጥናት የሚመጣ ቡድን ግን ከፌዴራልና ከክልል የቅርስና የባህል መሥሪያ ቤቶች እንዲሁም ከሀገረ ስብከቱ አስቀድሞ ደብዳቤ መያዝ ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የመንግሥት ሠራተኞች ራሳቸው የሚፈጽሙት ስሕተት አለ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ወይም የኮቴ መኪና የፈቃድ ደብዳቤን አይተካም። ከበላይ አካል የመጣ ልዑክ ሲመጣ ካህናቱ እምቢ ለማለት ስለሚቸገሩ፣ ያልተፈቀደው ነገር ሁሉ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ለሚከፈለው ማንኛውም ክፍያ ደረሰኝ መቀበል፣ ለካህኑ በግል ከሚሰጥ ጉርሻ ይልቅ በሙዳየ ምጽዋት ማስገባት የተሻለ አሠራር ነው።

የሰዓት ምርጫም ሥራውን ያቀላል። በዓላትና እሑድ ቅዳሴ የሚደረገው በጠዋት በመሆኑ በዚያ ሰዓት ካሜራ ይዞ መዞር ጸሎቱን ይረብሻል። በጾም ወራት በአዘቦት ቀናት ግን ቅዳሴ የሚገባው ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ስለሆነ ጠዋቱ ለጉብኝትና ለፎቶግራፍ ክፍት ነው። የንጉሡ ክብረ በዓል ጥቅምት 19 ቀን ሲውል ሥፍራው በምዕመናን ይሞላል፤ የሕዝቡን አከባበር ለመዘገብ ዕለቱ ተመራጭ ቢሆንም ሕንጻውን ለማንሳት አያመችም። ጫማ ከበር ውጪ ይወልቃል። ምንጣፉ ዘመን የቆጠረና ቁንጫውም የማይጠፋ ስለሆነ ወፍራም ካልሲ መያዝ ብልህነት ነው። ሴቶች ራሳቸውን ይከናነባሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው መቅደስ ለካህናት ብቻ የተለየ ነው፤ መጋረጃው ለቅጽበት ቢገለጥም ወደዚያ ሌንስ ማዞር አይገባም።

የዋሻው ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው። ብርሃን የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ወደ ዋሻው አፍ የዞረው ግድግዳ ሲደምቅ የጀርባው በጨለማ ይዋጣል። ነጩ ልስን ብዙ ብርሃን ሲያንጸባርቅ ጥቁሩ እንጨት ይውጠዋል። ካሜራው በራሱ እንዲመጥን ከተተወ ወይ ነጩ ይቃጠላል፣ ወይ የእንጨቱ ዝርዝር ይጠፋል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ አቁመው አንዱን ዕይታ በተለያየ የብርሃን መጠን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያነሳሉ፤ መለኪያቸውን የሚወስዱትም ከነጩ ረድፍ ላይ ነው። በግንቡና በሕንጻው መካከል ያለው ቦታ ውስን በመሆኑ ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሌንስ ግን ቀጥ ያለውን መስመር ስለሚያጎብጥ ለምዝገባ ሲባል ግድግዳውን ከፍሎ ማንሳቱ ይመረጣል። የጧፍ ብርሃንና የቀን ብርሃን ቀለም ስለሚለያይ በመጀመሪያው ምስል ላይ የቀለም መለኪያ ካርድና የርዝመት ማስመሪያ አብሮ ማንሳት በኋላ ለጥገና ባለሙያ ትልቅ እገዛ ያደርጋል።

ስለ ብልጭታ ወይም ፍላሽ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ ሳይብራራ ያልፋል። አንዲት ብልጭታ በሥዕል ላይ የምታደርሰው ጉዳት እጅግ አነስተኛ ነው። ነገር ግን በብርሃን የሚደርስ ጉዳት ይደማመራል፤ የማይመለስም ነው። ሙዚየሞች ለብራና ጽሑፍ፣ ለጨርቅና ለመሳሰሉት ስስ ቅርሶች ብርሃኑ ከ50 ለክስ እንዳይበልጥ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። በዋሻው ውስጥ ብልጭታን ለመከልከል ከዚህ የሚቀርብ ሌላ ምክንያትም አለ፤ ለሚጸልየው ሰው ይረብሻል። በላሊበላ አካባቢ መስቀል ይዘው ለእንግዳ የሚቆሙ አንዳንድ ካህናት ከብልጭታው ብዛት የተነሣ ጥቁር መነጽር ማድረግን እስከ መልመድ ደርሰዋል። ፊልም ሠሪዎች የሚጠቀሙባቸው ከፍተኛ መብራቶች ደግሞ ከብርሃናቸው ይልቅ ሙቀታቸው ያሳስባል፤ ለዘመናት በአንድ ዓይነት ቅዝቃዜና እርጥበት የኖረን እንጨትና ልስን በድንገት ማሞቅ ስንጥቅና መላጥን ያስከትላል። ጄኔሬተር በዋሻው አፍ አጠገብ ማስነሳትም ጢሱን ወደ ውስጥ ይሰደዋል። ድሮን ለማብረር ከሚመለከተው የመንግሥት የጸጥታ አካል የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ፎቶግራፍን ለመከልከል ተብሎ የሚወሰድ አይደለም። በአገሪቱ የቅርስ ስርቆት ታሪክ ምስል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በተደጋጋሚ ታይቷል። ለአብነት ያህል በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ይገኝ የነበረው አፍሮ አይገባ የተሰኘው መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ውስጥ ከአንድ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመልሷል። መስቀሉ በስም የታወቀና በመልክ የሚለይ ነበር። በመቀሌ አቅራቢያ ከሚገኘው የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋው የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘውድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ኔዘርላንድ ሮተርዳም ውስጥ በትውልደ ኢትዮጵያዊው አቶ ሲራክ አስፋው እጅ ገብቶ፣ ለ21 ዓመታት ተሰውሮ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ዝናቸው ከደብራቸው ያላለፈ መስቀሎችና መጻሕፍት ግን እንዲህ ዓይነት ዕድል የላቸውም። ምስልና ልኬት ያልተመዘገበለት ቅርስ በገበያ ላይ ቢታይ እንኳ የማን እንደሆነ ማስረዳት እጅግ ያዳግታል።

በምስል የመመዝገብ ሥራ በአገሪቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ9,000 በላይ ጽሑፎችን በፊልም አስቀርቷል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው መዝገበ ሥዕላት የተባለው የምስል ክምችትም በርካታ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትን ሥዕሎችና ዕቃዎች የያዘ ሲሆን፣ መሥራቾቹ ተመራማሪዎች የይምርሃነ ክርስቶስን የግድግዳ ሥዕሎች አጥንተዋል። ለተሰረቁ የጥበብ ዕቃዎች መለያ የሚሆንና እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ የምዝገባ ቅጽም አለ፤ የመጀመሪያው ጥያቄው የዕቃው ፎቶግራፍ አለ ወይ የሚል ነው። ቅጹ ብዙ አይጠይቅም፤ ዓይነቱን፣ የተሠራበትን፣ ልኬቱን፣ ጽሑፍ ወይም ምልክት ካለው እርሱን፣ ከሌላው የሚለየውን ጭረትና ስብራት መመዝገብ ይበቃል። አንድ የወረዳ የባህል ባለሙያ በተራ ካሜራና በሜትር በጥቂት ቀናት ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የቅርስ ምዝገባን ይደነግጋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊጤን የሚገባው ተቃርኖ አለ። ቅርሱን ለማስመለስ የሚረዳው ምስል ቅርሱን ለሌባ ሊጠቁምም ይችላል። የብር መስቀል ምስል ከነተቀመጠበት ዕቃ ቤት፣ ከበሩ ቁልፍ ዓይነትና ካሜራው በራሱ ከሚመዘግበው የቦታ መረጃ ጋር በኢንተርኔት ሲለቀቅ ለዝርፊያ የተዘጋጀ ካታሎግ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ምስሎችን ለይቶ መያዝ ይገባል። ለሕዝብ የሚሰራጨው የሕንጻው፣ የጣሪያውና የመልክዓ ምድሩ ምስል ሊሆን ይችላል። ተንቀሳቃሽ ቅርሶችን የሚመለከተው ግን በዝግ መዝገብ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መጽሐፍ በሚነሳበት ጊዜም ቅጠሉን የሚገልጠው ካህኑ እንጂ እንግዳው መሆን የለበትም።

ትልቁ ጉድለት የሚታየው ፎቶግራፉ ከተነሳ በኋላ ነው። ጎብኚውም ተመራማሪውም ያነሳውን ይዞ ይሄዳል፤ ደብሩ ዘንድ ቅጂ የሚያስቀረው ጥቂቱ ነው። የጣሪያ ገበታ ተነቅሎ ቢወድቅ ወይም ልስን ቢረግፍ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ወደ ባሕር ማዶ መጻፍ ግድ ይላል። የፈቃድ ደብዳቤ የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶች አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምረው፣ ከተነሱት ምስሎች የተሟላ ቅጂ ለሰበካ ጉባኤው፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲሰጥ በግዴታነት ቢያስቀምጡ ለውጡ ትልቅ ይሆናል። ለደብሩ የሚሰጠው ቅጂ በዲስክ ብቻ ቢሆን ኮምፒውተር በሌለበት ሥፍራ ፋይዳ የለውም፤ በወረቀት ታትሞ፣ ቀኑና የተነሳበት ቦታ በአማርኛ ተጽፎበት፣ ተጠርዞ በዕቃ ቤት መዝገብነት ሊቀመጥ ይገባል። ከአሥር ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ርቀት የሚነሳ ሁለተኛ ምስል ስንጥቁ መስፋቱን ወይም አለመስፋቱን ያሳያል። ጥገና ቢያስፈልግ ባለሥልጣኑን ማሳወቅና ማስፈቀድ ግድ ነው፤ በጎ አድራጊ ስለተገኘ ብቻ ሲሚንቶ መለሰን ጥንታዊውን ልስን ለዘለቄታው ያበላሻል።

የላስታ አካባቢ ቱሪዝም እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ፣ በ2021 በጦርነቱ፣ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት ተዳክሟል። ለሥራም ሆነ ለጉብኝት ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ የሚጓዝ ሰው ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሰሜን ወሎ ዞንና ከላሊበላ ከተማ አስተዳደር አጣርቶ፣ ከላሊበላ አስጎብኚ ይዞ፣ በጠዋት ቢነሳ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ይመለሳል።